«ተዉት ይተኛ፣ ይወጣለታል»፦ ስለ በርጫ፣ ስለ ጨብሲ እና ስለ አዲስ ገቢ ተማሪ

ሰው ጠጥቶ ሲወድቅ አጠገቡ ካሉት አንዱ «ተዉት ይተኛ፣ ይወጣለታል» ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ልጁ ጠዋት ራሱን ይዞ ይነሳል፣ ማታ ያደረገው ይነገረዋል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። አንዳንዴ ግን አይነሳም። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ «አንዳንዴ» ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግቢ ያላችሁ፣ ግቢ ልጅ የላካችሁ፣ ለተማሪ ቤት የምታከራዩ፣ ማታ ማታ ባጃጅ የምትነዱ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ በደንብ ተመርምሮ የተጻፈው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ እንነሳ፤ ከዚያ ወደ ጭሮ እንመለሳለን።

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ «ፍራተርኒቲ» የሚባሉ የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት አሉ። ስማቸው በግሪክ ፊደል ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው መኖሪያ ቤት አላቸው፣ ከምረቃ በኋላም አባል ለአባል ይረዳዳል። መግባት የሚፈልግ አዲስ ተማሪ ይፈተናል። ፈተናው መላላክና ወለል ማጽዳት ሊሆን ይችላል፣ ዱላም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሞተበት ፈተና ግን በአጭር ሰዓት ብዙ አልኮል ማስጠጣት ነው። ይህን አዲስ ገቢን የማንገላታት ልማድ «ሄዚንግ» ይሉታል።

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ማታ፣ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቤታ ቴታ ፓይ በሚባለው ማኅበር ቤት፣ ቲሞቲ ፒያሳ የተባለ የ19 ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለአባልነት ተጠራ። ከሌሎች አዲሶች ጋር ተሰልፎ ከአንዱ የመጠጥ ጣቢያ ወደ ሌላው እየሄደ ቮድካ፣ ቢራ፣ ወይን እንዲጠጣ ተደረገ። አቃቤ ሕግ የቤቱን ካሜራ ተመልክቶ እንዳቀረበው በ82 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 18 መጠጥ ተሰጥቶታል። ከዚያ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ተሸክመው ሶፋ ላይ አስተኙት። በጀርባው ተንጋሎ በትውከቱ እንዳይታነቅ ብለው መጽሐፍ የሞላበት ቦርሳ በጀርባው አሳዘሉት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሊሞት እንደሚችል ገብቷቸው ነበር ማለት ነው! አንድ አዲስ ገቢ «ሐኪም ያስፈልገዋል» ሲል ገፍተው አባረሩት። አምቡላንስ የተጠራው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ በነጋታው ረፋድ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ፣ ጣፊያው ተቀዶ ነበር። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሞተ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማክስ ግሩቨር የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ሞተ። የሱ ጨዋታ የጥያቄና መልስ ነበር። ስለ ማኅበሩ ይጠየቃል፣ ከተሳሳተ ይጎነጫል። ሲመረመር ደሙ ውስጥ የተገኘው አልኮል 0.495 በመቶ ነበር፣ እዚያ አገር መኪና ለመንዳት ከተፈቀደው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። እሱንም ሶፋ ላይ አስተኝተውት ነው ያደሩት። በ2018 ሁለቱም ግዛቶች ሕጋቸውን አጠበቁ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ኮሌጆች ግቢያቸው ውስጥ የተፈጸመ ሄዚንግን በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ተፈረመ።

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸው ሶፋው ነው። ሁለቱም ልጆች ሰው አጠገባቸው እያለ፣ ስልክ በየኪሱ እያለ፣ ሆስፒታል ሩቅ ሳይሆን፣ «ይተኛ» ተብለው ነው ያለፉት።

እዚህስ?

ጭሮ ላይ የግሪክ ፊደል የለጠፈ ቤት የለም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ማኅበር አያውቁም። ያለን ጀማ ነው። ጀማ መተዳደሪያ ደንብ የለውም፣ መሐላ የለውም፣ ማንንም በግድ አያስጠጣም። ታዲያ ለምን አብረን እናነሳዋለን?

የኛ ተማሪ እንዴት ግቢ እንደሚገባ አስቡ። ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከባሌ ተነስቶ ከዚህ በፊት አይቶት ወደማያውቅ ከተማ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ጭሮ ላይ ያለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጭሮ ካምፓስ የነበረው፣ ስሙን ያገኘው ከኢቱ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ ከኦዳ ቡልቱም ነው። የአካባቢው ልጅ ይህን ሲያውቅ ያደገ ነው። ሩቅ አገር የመጣው ፍሬሽ ግን ቋንቋውንም፣ ሰፈሩንም፣ ሰውንም አያውቅም። አሥራ ስምንት ወይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ «የት አካባቢ ነህ?» ያለው ሲኒየር ወንድሙ ይሆናል። ሃንድአውት የሚሰጠው እሱ ነው፣ የትኛው መምህር ጥብቅ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ነው፣ «ዛሬ በኔ ነው፣ ና» የሚለውም እሱ ነው።

ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የለውም። ግን አንዴ ከተቀመጥክ በኋላ ይሉኝታው ሥራውን ይሠራል። የቀረበልህን ጫት አልቅምም ማለት ይከብዳል። የተገዛልህን መመለስ አለብህ። ቢራው በዙር ሲመጣ የአንተ ዙር ሳይደርስ መነሳት ነውር ነው። «እኔ ይብቃኝ» ያለ ፋራ ነው፣ ሙድ ይያዝበታል። አሜሪካኖቹ አሰልፈው ያስጠጣሉ፣ እኛ በግብዣና በሳቅ እናስጠጣለን። ጉበት ደግሞ ልዩነቱን አያውቅም።

በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ወቅት አለ። ተመራቂዎች ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ፣ 100 ቀን እያሉ የሚያከብሯቸው ቀኖች። ማክበሩን አንቃወምም፤ አራት አምስት ዓመት ለፍተው ነው። ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድ ጠርሙስ ያልቀመሰ ልጅ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት መጠጥ የሚቀላቅለው በነዚህ ቀኖች ነው። ይህ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለም። ከጅማ እስከ ጎንደር ያለ ተማሪ ያውቀዋል።

ጨብሲ

ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ስለ መጠጥ ብቻውን ማውራት አይቻልም፣ ጫት አለ። የገለምሶ ጫት አዲስ አበባ ድረስ በስሙ ይጠራል፣ የብዙ ገበሬ ቤትም የሚቆመው በሱ ነው። የአባቶች በርጫ ላይ ምርቃት አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ሽምግልና አለ፤ አረቄ የለም። ይህን መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ግቢ ውስጥ «የአገሩ ባህል ነው» ተብሎ የሚቀርበው ነገር የአገሩ ሽማግሌ የማያውቀው ነው።

ጨብሲ የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው፣ መስበር እንደ ማለት። ምርቃናውን መስበሪያ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ሲቃም የቆየ ሰው አመሻሹ ላይ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሐሳብ ይበዛበታል። ሌሊት ዱካክ እንዳይመጣበት ይፈራል። ስለዚህ በቢራ፣ በአረቄ፣ በጂን ወይም በኡዞ ይሰብረዋል። የልምድ ቃሚ የሚበቃውን በግምት ያውቃል። ፍሬሹ አያውቅም።

ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እንይ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። አልኮል በተቃራኒው አንጎልን የሚያደነዝዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይጣፉም። ባዶ ሆድ የጠጣ ሰው በተለምዶ ሦስተኛው ቢራ ላይ ዓይኑ ይከብደዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ «በቃኝ» ይላል። የሰውነቱ ማስጠንቀቂያ ነው። መርቅኖ የሚጠጣ ሰው ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ይዘገይበታል። ነቅቷል፣ ያወራል፣ ያልሰከረ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ይጨምራል። በኋላ ምርቃናው ሲወርድ ደሙ ውስጥ የተጠራቀመው አልኮል በአንድ ጊዜ ይጥለዋል።

ሌላም አለ። በርጫው ከሰዓት ሲጀመር የካፌው እራት ያልፋል። ቢደርስበትም አይበላም፣ አፉ ደርቋል፣ ፍላጎቱ ተዘግቷል። ባዶ ሆድ ላይ የገባ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉበት አልኮል ሲያስወግድ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ያልበላ ልጅ የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ያየው ሁሉ ግን «ሰክሮ ነው» ይላል።

ስንት ነው ብዙ?

የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መጠጣትን ከባድ አጠጣጥ ይለዋል። ወደኛ እንመንዝረው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ ውስጡ 13 ግራም አካባቢ አለ። ስለዚህ አምስት ጠርሙስ ከመስመሩ አለፈ። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ አረቄ ወይም ጂን፣ 40 በመቶ ከሆነ፣ 16 ግራም ገደማ ነው፤ ከአንድ ቢራ ትበልጣለች። አራት መለኪያ 60 ያልፋል። «ቢራ አልጠጣሁም፣ አራት አረቄ ብቻ» የሚል ሰው ሒሳቡን አልሠራም። ዳግም አረቄ ደግሞ ከ40 በመቶም ሊያልፍ ይችላል።

ጉበት በሰዓት በግምት ከ7 እስከ 10 ግራም ያስወግዳል። ይህ ፍጥነት በቡናም፣ በቀዝቃዛ ሻወርም፣ በሎሚም አይጨምርም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስምንት ቢራ የጠጣ ልጅ 104 ግራም ይዞ ነው የሚተኛው፣ ለማጥራት ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ደግሞም ጠርሙሱን ካስቀመጠ በኋላ ሆዱ ውስጥ ያለው ገና ወደ ደም እየገባ ነው። «መጠጣት አቁሟል፣ ከዚህ በኋላ ይሻለዋል» የሚለው ግምት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከተኛ በኋላ ሊብስበት ይችላል።

ሴት ተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ መጠን የበለጠ ይከብዳል፣ ሰውነታቸው የሚይዘው ውሃ ስለሚያንስ ደማቸው ውስጥ ያለው አልኮል ይወፍራል። ሌላው አደጋ ግልጽ ነው፣ በግልጽ እንበለው። አንዲትን ልጅ ራሷን እስክትስት አስጠጥቶ ግንኙነት መፈጸም በኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መድፈር ነው፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ራሷ መጥታ ነው የጠጣችው» የሚባለው ወሬ ይህን አይለውጠውም።

ለምን አይጠሩም?

አሁን ወደ ሶፋው እንመለስ። ጓደኛ ጓደኛውን እየወደደ ለምን ሐኪም አይጠራም?

አንዱ ፍርሃት የግቢው ነው። በር ተዘግቷል፣ ፕሮክተር ይጠይቃል፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ። ታማሚውን ይዞ መግባት ራስን ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ውጭ በተከራዩት ክፍል ያድራል። ሁለተኛው ፍርሃት የሐፍረት ነው፣ እኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ይከብዳል። የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው፣ መጠጥ ሐራም ነው። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ጠጥቶ ወደቀ ተብሎ ቤት ቢሰማ ምን እንደሚሆን ጓደኞቹ ያውቃሉ። በፆም ወቅት የጠጣ ክርስቲያንም ያው ነው። የሚጠጡት ተደብቀው ነው፣ ተደብቀው የጠጡት ደግሞ ሲታመም ተደብቆ ይታመማል። ሦስተኛው፣ ጭራሽ ሁሉም ጠጥቷል። የሚወስን ሰው የለም።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለዚህ መላ ያሉት አንድ ነገር አለ። ለጠጣ ሰው እርዳታ የጠራ ተማሪ፣ ራሱም ጠጥቶ ቢሆን፣ በመጠጣቱ አይቀጣም። የኛም ግቢዎች የተማሪ መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ይህን በግልጽ ቢጽፉና አዲስ ተማሪ ሲቀበሉ በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩት ወጪ የለውም። ዲሲፕሊን ይላላል የሚል ካለ፣ የሞተ ተማሪ ላይ ዲሲፕሊን አይወሰንም።

አደጋውን መለየት

የተኛና የተመረዘ ሰው ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ቅረቡና አረጋግጡ። ስሙን እየጠራችሁ ትከሻውን ነቅንቁ፣ ቆንጠጥ አድርጉት። የተኛ ሰው ያጉረመርማል፣ እጃችሁን ይገፋል። ምንም ካላለ አልተኛም። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ቁጠሩ። በደቂቃ ከስምንት በታች ከሆነ፣ ወይም በአንዱና በሚቀጥለው ትንፋሽ መሃል አሥር ሰከንድ ካለፈ፣ ጊዜ የለም። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ፣ ሳይነቃ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ያው ነው። ሁሉም ምልክት እስኪሟላ አትጠብቁ። አንዱ ይበቃል። ጭንቅላቱን የመታው ወይም ከደረጃ የወደቀ ደግሞ ምልክት ባይኖረውም ይታይ። ፒያሳን አስታውሱ።

መኪና እስኪመጣ በጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት አጥፉት እንዳይገለበጥ፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጉለት፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አልኮል ደግሞ የሰውነት ሙቀት ያባክናል። ብርድ ልብስ አልብሱት። ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት። ጣት አስገብታችሁ አታስመልሱት፣ ራሱን የሳተ ሰው የወጣው ነገር ወደ ሳንባው ይገባል። ውሃ፣ ወተት፣ ቡና አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ቀዝቃዛ ሻወር ሥር አታስገቡት። «ጫት ይጨመርለት፣ ያነቃዋል» የሚል ሰው ካለ ከክፍሉ ይውጣ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ሌሊት በፍጥነት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ባጃጅ ነው፣ ስለዚህ ማታ የሚሠራ የአንድ ሹፌር ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። ጭሮም ገለምሶም ሆስፒታል አለ። ሂርና፣ በዴሳ፣ ሚኤሶ ያላችሁ በቅርብ ያለው ጤና ተቋም የት እንደሆነና ሌሊት የሚከፈተው በር የቱ እንደሆነ ዛሬ እዩት።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በቤት ወይም በድብቅ የተጣራ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል። እሱ የሚያስታውቀው ሲጠጣ አይደለም። ከግማሽ ቀን ወይም ከአንድ ቀን በኋላ፣ ስካሩ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ጭጋግ ያለ ይመስላል። «ሃንግኦቨር ነው» ተብሎ ከታለፈ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በማግስቱ ዓይኔ ደበዘዘ ያለ ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ አብረውት የጠጡትም ደህና ነን ቢሉ እንኳ ይታዩ።

ሕጉ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አዲስ ገቢ ተማሪ በብዛት 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው። በሌላ አነጋገር ግቢ በር ላይ ለፍሬሽ የሚከፈተው አብዛኛው ጠርሙስ በሕግ መሸጥ ያልነበረበት ነው። መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ ግን አይታይም። ተማሪን ብቻ መውቀስ ቀላል ስለሆነ ነው ይህን የምናነሳው፤ ሻጩም አለበት፣ የሚቆጣጠረው አካልም አለበት።

ወንጀል ሕጉ ደግሞ አንቀጽ 575 አለው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራስ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየተቻለ፣ አውቆ ትቶት መሄድ ያስቀጣል። ጉዳቱ ላይ የራሱ እጅ ያለበት ሰው ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ነው። «እኔ አላስገደድኩትም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ ጋብዘኸው ወድቆ እያየህ ቆልፈህ ከወጣህ ሌላ ጥያቄ ይመጣል።

ሆስፒታል ስትደርሱ የሚጠየቀው ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ፣ ምን እንደጠጣ፣ በግምት ስንት እንደሆነ፣ ጫት መቃሙን፣ ምግብ መብላት አለመብላቱን፣ ክኒን መውሰዱን፣ ጭንቅላቱን መትቶት እንደሆነ፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ እንዳለበት ነው። ነርሷ የምትጠይቀው ለሕክምናው ነው፤ አትደብቁ። አረቄ ከሆነ የጠጣበትን ጠርሙስ ከነቀሪው ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ አንድ ሰው፣ ሲጠጣ አብሮት የነበረ፣ ልጁ እስኪነቃ እዚያው ይቆይ።